ተራማጅ በሰባተኛው እርምጃ ቆመ

በ2091 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ደሴ ከተማ በጦሳ ግርጌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ሮቦቱ ሰባት እርምጃ ሄዶ ቆመ። መሄድ የነበረበት አሥራ ሁለት ነበር።

ሰዓዳ እንድሪስ መወልወያ ጨርቋን ይዛ ሮቦቱ ከሚቆምበት የመስታወት ቤት ጎን ቆማ ነበር። የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። በቅጥር ደብዳቤዋ ላይ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ትባላለች፤ ላቦራቶሪው ግን ለመስታወት ቤቱ ማስፋፊያ ቦታ ስለተፈለገ ከፈረሰ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አሁን ሥራዋ ሮቦቱን በሳምንት ሦስት ቀን መወልወል፣ ባትሪውን መሙላት፣ ሰኞ ሰኞ ቁልፉን መጫን፣ በመጨረሻም ልጆቹ መነቃቃታቸውን በቅጽ ሞልታ መላክ ነው።

ሮቦቱ ተራማጅ ይባላል። በአገሪቱ ያለ እያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ተራማጅ አለው። ቁመቱ የአሥር ዓመት ልጅ ያህላል፤ ሁለት እግር፣ ሁለት እጅ፣ ደረቱ ላይ የድጋፍ ሰጪዎች ስም የተቀረጸበት የናስ ሰሌዳ፣ ጀርባው ላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አለው። ሰኞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የመነቃቃት ሰዓት ነው። ተማሪዎች ተሰልፈው ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፤ ተራማጅ በመስታወቱ ውስጥ አሥራ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ስድስት መልእክት ያሰማል፣ ዞሮ ይመለሳል። ይህን ያየ ልጅ ለሳይንስና ለሒሳብ ይነሣሣል። ምን ያህል እንደተነሣሣ ደግሞ ይለካል፤ የልብ ምቱንና ትንፋሹን እጁ ላይ ያለው አምባር፣ የዓይኑን አከፋፈት ጣሪያው ላይ ያለው ካሜራ። ነጥቡ ከመቶ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ግማሹ እሱ ነው።

የዚያን ዕለት ተራማጅ ሰባተኛውን እርምጃ እንዳጋመሰ ከግራ ጉልበቱ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። አንድ እግሩን አንሥቶ ቀረ። «አንተም መራመድ ትችላለህ፤ አንቺም መራመድ ትችያለሽ» አለ፣ እንደተንጠለጠለ። ከዚያ የቀሩትን አምስት መልእክቶች በተራ አሰማ። ልጆቹ ይወድቃል ብለው ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ጠበቁ። የዚያን ቀን ውጤት ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ወዲህ ከፍተኛው ሆኖ ተመዘገበ።

ሰዓዳ ደወሉ ሲደወል መብራቱን አጥፍታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄደች።

አቶ ሙሄ ይማም በዚሁ ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው፤ በፊት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ነገሩን ሰምተው እንደጨረሱ ወዲያው ወደ መነቃቃት ባለሥልጣን ደወሉ። የመለሰላቸው ትሑት የሆነ የሴት ድምፅ ነበር፤ ሰው ይሁን አይሁን ለይተው አያውቁም።

«በቀጣናችሁ ተራችሁ ሁለት መቶ አሥራ አንደኛ ነው» አለች። «ምትኩ በአሥራ ዘጠኝ ወር ውስጥ ይደርሳችኋል። እስከዚያው መነቃቃታችሁን ቀጥሉ።»

አቶ ሙሄ ስልኩን አስቀመጡ።

«ሁለት መቶ አሥራ አንድ?» አለች ሰዓዳ። «በቀጣናው ያለው ትምህርት ቤት በጠቅላላ ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ አርባ።»

«የቀጣናው ሪፖርት ላይ እኮ ሁሉም ይራመዳል ነው የሚለው።»

አቶ ሙሄ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «አንድ የማውቀው ርዕሰ መምህር የድሮ ቪዲዮ ነው የሚልከው። ሌላው ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባ ሁለት ዘበኛ አቁሞ በገመድ ያስጎትታል።»

«እኛስ ምን ልናደርግ ነው?»

«እኔ መጋረጃ አልሰቅልም» አሉ። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ደግሞ «ግን ልጆቹንም ከፈተና አላስቀርም» አሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ኅዳር ሃያ ቀን ተቆጣጣሪ ይመጣል። ተራማጁ የማይራመድ ትምህርት ቤት «ያልነቃ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ያልነቃ ትምህርት ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቹን ለፈተና ማስመዝገብ አይችልም። የጦሳ ግርጌ ዘንድሮ አንድ መቶ ስልሳ አራት ተፈታኝ አለው።

ሰዓዳ በማግስቱ በምሳ ሰዓት የተራማጅን መመሪያ ይዛ መስታወት ቤቱ አጠገብ ቁጭ አለች። ስልሳ አራት ገጽ ነው። ገጽ ሁለት ላይ በቀይ «አይንኩ፤ አይክፈቱ» ይላል። እሷም፣ ከእሷ በፊት የነበረውም ሠራተኛ ከዚያ ገጽ አልፈው አያውቁም። አሁን አለፈች። ከገጽ ሦስት እስከ ገጽ ሃምሳ ዘጠኝ ድረስ ምስጋና ነው፤ የኮሚቴ ሰብሳቢዎች፣ የንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢዎች፣ የምረቃ በዓሉን የመሩ እንግዶች። ሰዓዳ ግን ጀምራ የምትተው ሴት አይደለችም፤ የሁሉንም ስም አነበበች። በሦስተኛው ቀን ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ደረሰች። ፊደሉ ከገብስ ፍሬ ያነሰ ነው።

«ይህ ንድፍ የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ማንኛውም ሰው ሊሠራው፣ ሊፈታው፣ ሊቀይረውና ለሌላው ሊያሳይ ይችላል። የታሰበው በየትም ቦታ በሚገኝ ርካሽ ዕቃ ተማሪዎች ራሳቸው እንዲገጣጥሙት ነው። ከተበላሸ ክፈቱትና እዩት።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ጣቷን ገጹ ላይ እንዳደረገች፣ መመሪያውን ታቅፋ ወደ ቢሮ ሄደች።

አቶ ሙሄ ሦስት ጊዜ አነበቡት። «ይሄ የዛሬ ሰባ ዓመት የተጻፈ ነው» አሉ።

«አልተሻረም።»

«እንዴት ይሻራል፤ ያየው ሰው የለ።» የመስታወት ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ስሚ ሰዓዳ፣ እኔ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ኅዳር አጋማሽ ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«የት ነው ስብሰባው?»

«እዚሁ» አሉና ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ።

ሰዓዳ ቁልፉን ብትይዝም ብቻዋን ልትከፍተው አልደፈረችም። መምህራኑን መጠየቅ ደግሞ ነገሩን ማውራት ነው። በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚያደርጉትን ማንም የማይከታተላቸው ልጆች የማካካሻ ክፍል ልጆች ብቻ ነበሩ። እነዚህ የመነቃቃት ነጥባቸው ከሃያ በታች የሆነ ዘጠኝ ተማሪዎች ናቸው። ሌላው ልጅ ምሳ ሲበላ እነሱ የተራማጅን ፎቶግራፍ እያዩ ዓይን መክፈት ይለማመዳሉ። ከሁሉም ዝቅተኛዋ ሩቅያ ሰይድ ነበረች፣ አራት ነጥብ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ፒያሳ አካባቢ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ይጠግናል። ዘጠነኛ ክፍል እንደገባች በመጀመሪያው ሰኞ «ጉልበቱ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» ብላ ግንባሯን ቋጥራ አየችው። ካሜራው ግንባር መቋጠርን የሚያውቀው እንደ መሰልቸት ነው። ከዚያ ወዲህ ከአራት ነጥብ አልወጣችም።

ሰዓዳ ማካካሻ ክፍል ገብታ «ዛሬ ፎቶ አናይም» አለቻቸው። «ተነሡና ተከተሉኝ። ማን ነው ካቻቢቴ ያለው?»

ሩቅያ ከቦርሳዋ ሁለት አወጣች።

የመስታወቱን በር ከፍተው ተራማጅን ብርድ ልብስ ላይ አስተኙት። ሩቅያ የጉልበቱንና የሆዱን ክዳን ብሎን ፈታች፤ የቀሩት ልጆች ከበቧት። ሰዓዳ አሥራ ሦስት ዓመት ከላይ የወለወለችውን ነገር ከውስጥ ልታየው ጎንበስ አለች። የጠበቀችውን ባታውቀውም የሚያበራ ነገር ይኖራል ብላ አስባ ነበር። የነበሩት ግን ከልብስ ስፌት ሞተር የማይበልጡ ስድስት ሞተሮች፣ በፕላስተር የታሰሩ ሽቦዎች፣ ብዙ አቧራ፣ በመጨረሻም የክብሪት ቀፎ የሚያህል፣ መሃሉ ላይ የተሰነጠቀ የጉልበት ማጠፊያ ፕላስቲክ ናቸው።

«በቃ ይሄ ነው?» አለ አንዱ ልጅ።

«ይሄ ነው» አለች ሩቅያ። ስብርባሪውን በመዳፏ ላይ አገላብጣ አየችው። ቅር ያላት አትመስልም። «እትዬ ሰዓዳ፣ ይሄንን እኮ እንሠራዋለን።»

ቀላል አልሆነም። የመጀመሪያውን ጉልበት ከቢጫ ጀሪካን ቆርጠው ሠሩት፤ ሦስት እርምጃ አስኬደና ታጠፈ። ሁለተኛውን ከአሮጌ የአልጋ ብረት ሠሩት፤ ሞተሩ አቅቶት መቃጠል ጀመረ፣ አዳራሹም የተቃጠለ ሽቦ ሸተተ። በሦስተኛው ላይ ለሁለት ተከፍለው ተጣሉ፤ ግማሾቹ ወፍራም ይሁን፣ ግማሾቹ ሰፊ ይሁን አሉ፤ አንዲቱ ልጅ አኩርፋ ሄደችና በማግስቱ ሥዕል ሥላ ተመለሰች። ሥዕሏ ትክክል ነበር። ከአንድ አናጺ ቤት የወይራ ቁራጭ ለምነው፣ በሞረድ አለስልሰው፣ መሃሉን በስተው ከሩቅያ አባት ያገኙትን የባጃጅ ኩሽኔታ አስገቡበት። ይህ ሁሉ ሁለት ሳምንት ወሰደ፤ ሰኞ ሰኞ ግን ክዳኑን መልሰው ገጥመው መስታወቱ ውስጥ ያቆሙት ነበር።

በዚህ መሃል ነው ምናሉ የገባው። ምናሉ ገብረማርያም በትምህርት ቤቱ አንደኛ የሆነ ልጅ ነበር፣ ዘጠና ስምንት ነጥብ፣ ለሦስት ተከታታይ ዓመት። እናቱ የመነቃቃት አስጠኚ ቀጥራለት፣ ትንፋሽ እንዴት ከሆድ እንደሚያዝ፣ ቅንድብ በየት በኩል ከፍ እንደሚል ተምሯል። በየሰኞው ፊቱ በግድግዳው ትልቅ ስክሪን ላይ እንደ ምሳሌ ይታያል። የዚያን ቀን ወንበር ሊወስድ አዳራሽ ሲገባ ልጆቹ መሬት ላይ ተዘርግተው፣ ተራማጅን በጀርባው አስተኝተው አገኛቸው።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ።

«ያዛት እስቲ ይቺን» አለችው ሩቅያ፣ ፊቷን ሳታዞር። የያዘችው የሞተሩ ሽቦ ነበር። ምናሉ ያዘ። አሥር ደቂቃ ያህል ይዞ ቆየ። ከዚያ «ለምንድን ነው ቀዩ ከጥቁሩ ጋር የማይነካካው?» ብሎ ጠየቀ። ወንበሩን መውሰድ ረሳ። በማግስቱም መጣ፤ በሦስተኛው ቀንም።

ጉልበቱ ሲገጠም ተራማጅ ቆመ፤ አንድ እርምጃ ሄደና በግንባሩ ተደፋ። አነሡት፤ እንደገና ተደፋ። ምናሉ ነው ጠጋ ብሎ የመመሪያውን ገጽ ስልሳ ሁለት ያነበበው። እዚያ ላይ የሮቦቱ ክብደት አሥራ ስድስት ኪሎ ነው ይላል። ከመጋዘን ሚዛን አምጥተው መዘኑት፤ ሠላሳ አንድ ኪሎ ሆነ። ትርፉ አሥራ አምስት ኪሎ በሰባ ዓመት ውስጥ በአርባ አንድ ኮሚቴ የተጨመረ ነው፤ የናሱ ሰሌዳ፣ ድምፅ ማጉያው፣ ሁለት የመልእክት ስክሪኖች፣ የሜዳሊያ ማንጠልጠያው፣ የባንዲራ ዘንግ ማቆሚያው።

ልጆቹ ሰዓዳን አዩዋት። እሷ የናሱን ሰሌዳ አየችው። ስንት ሰኞና ስንት ረቡዕ በሎሚ ፈትጋዋለች፤ ስሞቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች።

«ፍቱት» አለች። «ግን ቀስ ብላችሁ። ብሎኖቹን በሥርዓት አስቀምጡልኝ።»

ተራማጅ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ባዶ ደረቱን፣ ካለ ድምፅ ተነሥቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ሄደ። በአሥራ ሁለተኛው አልቆመም። የመስታወት ቤቱን ደፍ ተሻገረ፣ በአዳራሹ መሃል አለፈ፣ ደረጃው ጋ ሲደርስ እግሩን ትንሽ አንሥቶ መረመረና ወረደ። ልጆቹ ተከተሉት። አልጮሁም፤ እንዳይወድቅ ሁለት ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ከግራና ከቀኝ አብረውት ሄዱ። የግቢውን ዳገት ይዞ ወደ ቢሮው ሽቅብ ወጣ። አቶ ሙሄ ስብሰባቸው ላይ እንዳሉ በመስኮት አዩት። ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ሮቦቱ እግራቸው ሥር ደርሶ ቆመ።

«ጉልበቱ ምንድን ነው?» አሉ።

«ወይራ» አለች ሩቅያ።

አቶ ሙሄ ቁጢጥ አሉና፣ ልክ በመምህርነት ዘመናቸው እንደሚያደርጉት፣ ሱሪያቸውን በጉልበታቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው እንጨቱን በጣታቸው ነኩት። ሃያ ስድስት ዓመት አብረውት ኖረው ሲነኩት የመጀመሪያቸው ነበር።

በማግስቱ የምናሉ እናት ወይዘሮ ዘነቡ መጡ። ሰዓዳን አዳራሹ በር ላይ አገኟት፤ የልጃቸውን ውጤት በወረቀት ይዘዋል።

«ልጄን ምን አድርጋችሁት ነው?» አሉ። «ባለፈው ወር ዘጠና ስምንት ነበር። አሁን ሠላሳ አንድ። ሠላሳ አንድ ይገባሻል? አስጠኚው ራሱ ደነገጠ። ልጁ ያዛጋል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፣ ብቻውን ያወራል ነው የሚለው።»

«ሥራ ላይ ስለሆነ ነው» አለች ሰዓዳ።

«ምን ሥራ? ልጄ እኮ መሐንዲስ ሊሆን ነው። ይሄን ዕቃ እየነካካ ነጥቡን ካበላሸ ማን ያስገባዋል?»

ሴትየዋ የተናገሩት ልክ ነው፤ መግቢያው በነጥብ ነው፣ ነጥቡም የሚገኘው ባለመንካት ነው። ምናሉ ከኋላቸው በሞረድ አቧራ የነጣ ሸሚዙን ለብሶ ቆሞ ነበር።

«እማዬ፣ አምባሩን ረስቼው ነው» አለ። «ማለቴ፣ እጄ ላይ አለ፤ ግን ረሳሁት።»

ወይዘሮ ዘነቡ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እጁን ይዘው ሄዱ።

ተቆጣጣሪው በኅዳር ሃያ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። አቶ ደርበው ይባላሉ፤ ጫማቸው አቧራ የለበሰ፣ የደከማቸው ሰው ናቸው። ሻይ ቢቀርብላቸው አመስግነው አልጠጡም። ቀጥታ አዳራሽ ገብተው ቅጹን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ሰዓዳ ቁልፉን ተጫነች። ተራማጅ ከመስታወት ቤቱ ወጣ፤ በወንበሮቹ መሃል ሄደ፤ ልጆቹ ሁሉ ግንባራቸውን ቋጥረው ጉልበቱን ተከታተሉ፤ አቶ ደርበው ፊት ደርሶ ዞረና ተመለሰ። ሠላሳ ስድስት እርምጃ ነው።

አቶ ደርበው እስክሪብቶአቸውን ከፍተው እንደያዙ ቀሩ።

«ዘንድሮ ሠላሳ ሁለት ትምህርት ቤት አይቻለሁ» አሉ። «ሲራመድ ያየሁት ይሄንን ብቻ ነው።»

አቶ ሙሄ ፊታቸው በራ። «እንግዲያው አልፈናል ማለት ነው?»

«አላለፋችሁም።» ቅጹን አዞሩላቸው። «ተራማጅ ማለት ስድስት መልእክት የሚያሰማ ነው ይላል ትርጓሜው። ይሄ አንድም አላሰማም። የናስ ሰሌዳ የለውም። መለያ ባንዲራ የለውም። የልጆቹም ነጥብ፣» የስክሪኑን ቁጥር አመለከቱ፣ «ከቀጣናው የመጨረሻው ነው። በቅጹ መሠረት እዚህ ግቢ ውስጥ ሮቦት የለም።»

«ቆሞ እየሄደ እኮ ነው፣ አቶ ደርበው።»

«እኔ አይቻለሁ። ቅጹ አላየም።»

ሩቅያ ከፊት ረድፍ ተነሥታ ቆመች። «ሰሌዳውን መልሰን ብንገጥምለትስ?» ብላ ጠየቀች።

«ይራመዳል?»

«ይደፋል።»

«እንግዲያው እንደ ሌሎቹ ያልፋል» አሉ አቶ ደርበው። «ደፍታችሁ መጋረጃ ከጋረዳችሁበት እኔ ማለፉን እፈርማለሁ። ይሄን ደግሞ የምለው ለልጆቹ ብዬ ነው።»

ሰዓዳ አቶ ሙሄን አየቻቸው። እሳቸው ልጆቹን አዩ፤ ከፊት ረድፍ ያሉት የማካካሻ ልጆች እጅ ላይ የሞረድ ቁስል አለ። መጋረጃ አልሰቅልም ያሉት ሰው፣ አንድ መቶ ስልሳ አራት ልጅ ፊታቸው ተቀምጦ፣ ቃላቸው ከበዳቸው።

«ሌላ መንገድ የለም?» አለች ሰዓዳ። «ሌላ የሚያልፍበት አንቀጽ?»

አቶ ደርበው የደንቡን መጽሐፍ ከቦርሳቸው አወጡ። እሳቸውም እንደ ሰዓዳ የሚያነቡ ሰው ነበሩ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ገጽ ገለጡ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንቀጽ ሰባ አራት» አሉ። «ተራማጅን ከፍቶ የተገኘ ተቋም ትምህርት ቤት ተብሎ ሊጠራ አይችልም ይላል። ይህ ቅጣቱ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ንዑስ አንቀጽ አለ፤ ተራማጅን ከፍቶ መልሶ ያስኬደ ተቋም የጥገና ጣቢያ ተብሎ ይመዘገባል። በጥገና ጣቢያ ያሉ ሰዎች ተማሪ ሳይሆኑ ሠልጣኝ ናቸው።» ቀና አሉ። «ሠልጣኝ በግል መፈተን ይችላል። የመነቃቃት ነጥብ አይጠየቅም፤ አምባርም አያስርም።»

«ስለዚህ ትምህርት ቤት መሆናችንን ከተውን ልጆቹ ይማራሉ ማለት ነው?» አሉ አቶ ሙሄ።

«ይፈተናሉ ነው ያልኩት። መማራቸው ደንቡ ውስጥ የለም።»

ወረቀቱ አንድ ገጽ ነበር። «እኔ ከዚህ በታች የፈረምኩት፣ የምመራው ተቋም ትምህርት ቤት አለመሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። አቶ ሙሄ ሁለቴ አነበቡት። በሩ ላይ ያለውን የርዕሰ መምህር ታፔላ ራሳቸው ናቸው ያጻፉት። ሁለት ልጆቻቸውን ያስተማሩት፣ የሞቱትን ባለቤታቸውን የተዋወቁትም እዚሁ ግቢ ነው፤ የኬሚስትሪ መምህርት ነበሩ። እስክሪብቶውን ተቀበሉ።

«ምን እባላለሁ ከእንግዲህ?» ብለው ጠየቁ።

«የጣቢያ ኃላፊ።»

«ፊዚክስ ማስተማር እችላለሁ?»

አቶ ደርበው ደንቡን አዩ። «የሚከለክል የለም።»

ፈረሙ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰዓዳ በካርቶን ይዛ እየዞረች አምባሮቹን ሰበሰበች። ልጆቹ የእጅ አንጓቸውን እያሹ ይሰጧታል፤ ቆዳቸው እዚያ ቦታ ላይ ነጥቷል። አብዛኞቹ ደስ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ግን አለቀሱ፤ ሰማንያና ዘጠና ነጥብ ያላቸው ልጆች ነበሩ፣ በአንድ ፊርማ ጠፋባቸው። የአሥራ አንድ ልጆች ወላጆች ልጆቻቸውን በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አዛወሩ። ከተዛወሩት አንዱ ምናሉ ነበር። ሲሄድ ማንንም አልተሰናበተም፤ ሞረዱን ግን አጽድቶ በቦታው አስቀምጦታል።

ሰዓዳ ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፏ አልተመቻትም። ያ ልጅ ገጽ ስልሳ ሁለትን ባያነብ ኖሮ ተራማጅ አይቆምም ነበር፤ እሱ ደግሞ ነጥቡን አያጣም ነበር። ለሩቅያ ይህን ስትነግራት ልጅቷ ትከሻዋን ነቅንቃ «ማን አስገደደው?» አለች። ግን እሷም በየጠዋቱ በሩን ታይ ነበር።

የመጀመሪያው የጭነት መኪና የመጣው በታኅሣሥ አጋማሽ ነው። ግቢው ውስጥ ገብቶ ሲቆም ከጋቢናው ረጅም፣ ካፖርት የለበሱ ሰው ወረዱ። ከኋላው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ተራማጅ ተጋድሟል፤ አጠገቡ ምናሉ ተቀምጦ፣ መንገዱ እንዳይደበድበው ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አሳርፎለታል።

ሩቅያ ወደ መኪናው ጠጋ አለች። «ነጥብ ስንት አገኘህ?» አለችው።

«አሥራ አንድ።»

«እንዴት?»

«እዚያ በገመድ ነው የሚጎትቱት። የመጀመሪያው ሰኞ ዓይኔን ከፍቼ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ገመዱን አየሁት። ከዚያ በኋላ አልሆን አለኝ።»

«እናትህስ?»

«ነግሬያታለሁ። ስታለቅስ ነው ያደረችው። ግን ቅዳሜ መጥታ ልታይ ነው።» ከመኪናው ወረደ። «እግሩን ያዢልኝ፤ ግራው ነው የተነቀለው።»

ካፖርት የለበሱት ሰውዬ የምናሉ አዲስ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። ሰዓዳን ወደ ጎን ጠርተው፣ ሾፌሩ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የቆመው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው» አሉ። «ለማንም አልነገርንም።»

«አብሽሩ» አለች ሰዓዳ። «እኛም መጋረጃ ልንሰቅል ትንሽ ነበር የቀረን።»

«መቼ መጥቼ ልውሰደው?»

ሰዓዳ መልሱን ለሩቅያ ተወችላት። ሩቅያ የሮቦቱን እግር ለምናሉ አስረክባ እጇን በሱሪዋ ጠረገች።

«እኛ አንጠግንልዎትም» አለች። «እርስዎ ነዎት የሚጠግኑት፤ እኛ አጠገብዎ እንሆናለን። አለበለዚያ ከሦስት ወር በኋላ ይዘውት ይመለሳሉ።»

ሰውዬው ሊቆጡ ፈለጉ። ግቢውን ዙሪያውን አዩ። አቶ ሙሄ ከዛፍ ሥር በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ጉልበት ሥለው ለአርባ ልጅ ያስረዳሉ፤ የጦሳ ግርጌው ተራማጅ ደረቱን እንዳራቆተ ውኃ የሞላ ባልዲ ይዞ ሽቅብ ይሄዳል፤ አንዲት ልጅ እየለካች ትጽፋለች። ሰውዬው ካፖርታቸውን አውልቀው መኪናው ላይ ሰቀሉ፣ ብርድ ልብሱ አጠገብ ተንበረከኩ። ሩቅያ ካቻቢቴ ሰጠቻቸው። የመጀመሪያውን ብሎን አግኝተው ካቻቢቴውን ገጠሙበት፤ ከዚያ ቀና አሉ።

«ወደየት ነው የሚዞረው?» ብለው ጠየቁ።

«ሞክረው ይዩት» አለች።

ወደ ቀኝ አዞሩት፤ ጠበቀ። ወደ ግራ አዞሩት። ብሎኑ ሲጥ ብሎ እንቢ አለ፤ ሁለት እጃቸውን ጨምረው ተጫኑት። ለቀቀ። ሾፌሩ እንሂድ ብሎ ክላክስ አደረገ፤ እሳቸው ሁለተኛውን ብሎን ይፈልጉ ነበር።